ቀጭኗና አማቷ የሞተሩን ጀርባ የከፈቱ ሰሞን

አውሮፕላን በሚጠገንበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ «ቀጭኗን ጥሯት» ሲባል የሰማ እንግዳ ዙሪያውን አማትሮ ሌላ ሴት ይፈልጋል። እሷ ደልደል፣ ወፈር ያለች፣ ስትራመድ ወለሉ የሚሰማት ሴት ናትና። ቀጫጭን የሆኑት እጆቿ ብቻ ናቸው። ወንዶቹ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከትተው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ እየተራገሙ የሚያጡትን ብሎን እሷ ወሬዋን ሳታቋርጥ ሁለት ጣቷን ሰደድ አድርጋ ታወጣዋለች። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው፤ ወጥቶ ቀረ።

ወደዚህ ሙያ የገባችው አስባበት አይደለም። ከትምህርት ቤት እንደወጣች የተመዘገበችው የጽሕፈት ሥራ ልትማር ነበር። ክፍሉ ሞላና «እስኪ ለጊዜው ሞተር ክፍል ቁጭ በይ» ተባለች። ቁጭ አለች። ቦታ ተገኝቶ ሊጠሯት ሲመጡ ጠረጴዛዋ ላይ የተበተነ ካርቡሬተር ነበር። «ይህን ሳልገጥም የትም አልሄድም» አለቻቸው። ገጠመችው፤ ሌላ ሰጧት፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ፀጉሯ ጣል ጣል ሽበት አበቀለ።

ባሏ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው። የእሷ ይበራል፣ የእሱ ይንገጫገጫል፤ እራት ላይ የሚያወሩት አጥተው አያውቁም። ሴት ልጃቸው ለትምህርት ሌላ ከተማ ስትሄድ ባዶ በቀረው ክፍሏ የባሏ እናት ገቡ። እኒህ ሴት ዕድሜ ልካቸውን የሙሽራ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ትንሽ ዝንፍ ያለ ጠርዝ ካዩ መቀስ የሚያምራቸው ናቸው። ዓይናቸው ደከም፣ ጉልበታቸው ላላ ሲል ልጃቸው «ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» ብሎ አመጣቸው።

አማትና ምራት ተጣልተው አያውቁም። ችግሩም ይኸው ነበር። «ደኅና አደሩ?» «ደኅና፣ አንቺስ?» «ሻይ ልጨምርልዎ?» «ይበቃኛል፣ ተባረኪ።» ከዚህ አልፎ አይሄድም። ቀጭኗ ከሥራ ስትመለስ በቀጥታ ወደ መታጠቢያው ትሄዳለች፤ አማቷ ገበታው ጥግ ተቀምጠው የውሃውን ጥቁረት ከሩቅ ያያሉ።

አንድ ቀን ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ደረጃ ላይ ያዘቻትና፦ «አንቺዬ፣ መቼ ነው በረራሽ? ስትመለሺ አንዲት ሽቶ ጣል አታደርጊልኝም?» አለቻት።

«የምን በረራ?»

«ውይ፣ አማትሽ ነገሩኝ እኮ! ምራቴ ሆስተስ ናት ብለው።»

ቀጭኗ ሳቅ ብላ አለፈች። ግን ነገሩ ሆዷ ገባ። ለባሏ ስትነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «ተያት፤ እማዬ እኮ ዕድሜዋን ነጭ ጨርቅ ላይ ነው የጨረሰችው። ጥቁር እጅ ታስደነግጣታለች።» እሷም ተወችው። ተወችው ማለት፣ እጇን ስትታጠብ ከበፊቱ ጠንከር አድርጋ መፈተግ ጀመረች።

በዚህ መሃል ነው ትንሿ አውሮፕላን የታመመችው። ባለ አንድ ሞተር ናት፤ አቧራማ ማረፊያ ወዳላቸው ራቅ ያሉ ቦታዎች መድኃኒትና ፖስታ ታመላልሳለች። ፓይለቷ ድምፁ ከሞተሩ የሚፎካከር ግዙፍ ሰው ነው። ከበረራ ሲመለስ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ጣለና «የዘይት ግፊቷ ወረደብኝ» አለ። «የመለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተታል።»

ቀጭኗ መጀመሪያ መለኪያውን ጠረጠረችና በሌላ ለወጠችው። መርፌው ያው ነው። ግፊቱን የሚቆጣጠረውን ቫልቭ አውጥታ አጥባ መለሰችው። አሁንም ያው። አለቃዋ ራሱን አከከ።

«ፓምፑን ሳናይ አይሆንም ማለት ነው» አለ።

ፓምፑን ማየት ክዳን ገልጦ እንደማየት አይደለም። የዘይት ፓምፑ የተቀመጠው ከሞተሩ ጀርባ፣ በትልቁ የአሉሚኒየም ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ሽፋኑ በውጭ በኩል ደግሞ ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትን ማግኔቶዎች፣ የነዳጅ ፓምፑን፣ የዘይት ማጣሪያውን ተሸክሟል። ያን ሽፋን ለማውለቅ ሞተሩ ከአውሮፕላኑ መውረድ አለበት። የቀናት ሥራ ነው።

ሥራው በሚጀመርበት ዋዜማ ቀለም ቀቢዎች ቤት መጡ። ከረጅም ጊዜ በፊት የተቀጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ከርመው ይቺኑ ሳምንት መረጡ። ገና ባልዲያቸውን ሲከፍቱ አማቷ ሳል ጀመራቸው።

«ነገ ይዘሻት ሂጂ» አለ ባሏ።

«ወዴት?»

«ወደ ሥራሽ ነዋ። እኔ አውቶብስ ላይ አስቀምጫት ከተማውን ስዞር ልዋል?»

በነጋታው አማቷ የክት ሻርፓቸውን ለብሰው፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው፣ የቦርሳቸውን ዚፕ አጥብቀው ዘግተው ተከተሏት። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ከዚያ ወለሉን አዩ።

«ይህን ሁሉ ማን ይጠርገዋል?»

«እኛው ራሳችን፣ እማማ።»

«ያስታውቃል» አሉ።

አለቃው ሮጦ መጥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠና ከዕቃ ሳጥኑ አጠገብ ያለው መቀመጫ ላይ አስቀመጣቸው። መቀመጫው ድሮ ከአንድ አውሮፕላን የተነሳ የተሳፋሪ ወንበር ነው። አማቷ ቀበቶውን አገላብጠው አዩትና ወገባቸው ላይ ቀጭ አደረጉት። «ልማድ ከሆነ ይታሰር» አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ፈገግ እንኳ አላሉም።

ቀጭኗ ቱታዋን ለብሳ ስትመጣ አፍራ ነበር። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ከአውሮፕላኗ ሥር ገብታ የዘይቱን መውጫ ስትፈታ ጥቁሩ ዘይት እየተጥመዘመዘ በርሜሉ ውስጥ ወረደ፤ ጥቂቱ በክንዷ ተንቆረቆረ። ቀና ብላ አላየችም። ፕሮፔለሩ ወረደ፤ ሽቦዎቹና ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ተፈተው ምልክት ተደረገባቸው። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ በማንሻ ሰንሰለት ተይዞ ከቦታው ሲላቀቅና አየር ላይ ሲወዛወዝ ከወንበሩ በኩል ጩኸት መጣ።

«ኧረ ልጄ፣ ከሥሩ ውጪ!»

«ከጎኑ ነኝ፣ እማማ። ከሥሩ አልገባም።»

«ጎኑም ሥሩ ነው! ውጪ ብያለሁ!»

አለቃው ሳቁን አፍኖ «እማማ እውነታቸውን ነው፤ ትንሽ ራቅ በይ» አላት። ቀጭኗ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እስከዚያች ቀን አማቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገውባት አያውቁም፤ ነገሩ ገረማት፤ ይልቁንም ደስ አላት።

በማግስቱ ሞተሩ መቆሚያው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ማግኔቶዎቹን፣ የነዳጅ ፓምፑን፣ ማጣሪያውን አወረደች። ከዚያ ወደ ሽፋኑ ብሎኖች መጣች። ርዝመታቸው የተለያየ ነው፤ ቢቀላቀሉ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ የሽፋኑን ቅርጽ ካርቶን ላይ ሳለችና የፈታችውን ብሎን ሁሉ በየቦታው ወጋ ወጋ እያደረገች ተከለችው።

አማቷ ቀበቶውን ፈትተው ተነሱ። ቀስ እያሉ መጥተው መነጽራቸውን አደረጉና ካርቶኑን አጎንብሰው አዩት።

«እኔም እንዲህ ነበር የማደርገው» አሉ። «እጅጌው ከአንገቱ እንዳይቀላቀልብኝ። በሰባራ መርፌ ሁሉንም ወረቀት ላይ እወጋው ነበር።»

«እውነትዎን ነው?»

«ታዲያ! የሰው ሙሽራ እጅጌዋ ተገልብጦ ትዳር ወይ?»

ይህ ከተዋወቁ ጀምሮ ያደረጉት ረጅሙ ወሬ ነበር።

ብሎኖቹ ሁሉ ወጡ፤ ሽፋኑ ግን ንቅንቅ አላለም። በመካከሉ ያለው፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ስስ ጋስኬት ዘይትና ሙቀት ጠጥቶ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። አንድ ሰው ካቻቪቴ አቀበላት፤ መለሰችለት። ካቻቪቴ ገጹን ይጭራል፤ የተጫረ ገጽ ደግሞ ዘይት ያፈሳል። የጎማ መዶሻ አንስታ ጠርዙን ዙሪያውን ቀስ እያለች ታንኳኳ ጀመር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በመጨረሻ ሽፋኑ እንደሚያዛጋ ሰው «ጧ» ብሎ ተላቀቀ። ስትስበው የነዳጅ ፓምፑን የሚገፋው ትንሽ ዘንግ ከቀዳዳው ሾለከ፤ መሬት ሳይደርስ መዳፏ ውስጥ አረፈ። እንደሚሾልክ ታውቅ ስለነበር እጇን ቀድማ ዘርግታ ነበር።

«እሰይ!» አሉ አማቷ። «አዋላጅ ብትሆኚ አያመልጥሽም ነበር።»

ሽፋኑን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ ፓምፑን ፈታች። ሁለት እርስ በርሳቸው የሚነካከሱ ትንንሽ ጥርሳም ብረቶች ናቸው፤ ሲሽከረከሩ ዘይቱን እየጨለፉ ወደ ሞተሩ ይገፋሉ። አጥባ፣ አድርቃ፣ መብራት አቀረበችበት። ጥርሶቹ የሚሽከረከሩበት የፓምፑ ቤት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን የሚሄዱ ጭረቶች አሉ። ክፍተት የምትለካበትን ስስ የብረት ቅጠል በጥርሱና በግድግዳው መካከል ሰደደች፤ ከሚገባው በላይ ሰተት ብላ ገባች። ዘይቱ መገፋት ሲገባው በዚያ ክፍተት ወደ ኋላ እየሸሸ ነው።

«ክር ነው» አሉ አማቷ በእርግጠኝነት።

«ምን ክር?»

«ጥርሱ ውስጥ ክር ገብቶበታል። የስፌት መኪናዬ እንዲህ ሲያደርጋት ሁልጊዜ ክር ነው።»

አለቃው እንኳ ጎንበስ ብሎ አየ። ክር የለም። «አቧራ ነው እማማ» አለች ቀጭኗ። «አቧራ ከዘይቱ ጋር እየገባ እንደ ሞረድ ፋቀው። እስኪ ጥፍርዎን እዚህ ላይ ያስኪዱት።»

አማቷ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው የአመልካች ጣታቸውን ጥፍር በግድግዳው ላይ አስኬዱ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ያዘኝ» አሉ በሹክሹክታ።

«ያ ነው እንግዲህ በሽታው።»

ፓይለቱ ሲሰማ አልተዋጠለትም። አዲስ ፓምፕ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ እስኪመጣ አውሮፕላኗ ልትቆም ነው። የመድኃኒት ሣጥኖቹ መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ይጠብቁታል፤ ሌላ አውሮፕላን ቢገኝም በሳምንት አንዴ ብቻ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጨንቆታል እንጂ።

«ቀጭኗ፣ በእናትሽ» አለ። «እስከዛሬ በዚሁ ስበር ነበር አይደል? ጥረጊና ግጠሚልኝ። አዲሱ ሲመጣ ትቀይሪዋለሽ።»

«አልገጥምም።»

«ሁለት ሦስት በረራ ብቻ።»

«አየር ላይ እያለህ ግፊቱ ጥሎህ ቢሄድ የቱ ጥግ አቁመህ ነው ኮፈኑን የምትከፍተው?» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጥፍር የሚይዝ ፓምፕ መልሼ ብገጥም እንቅልፍ አይወስደኝም። አንተን እወድሃለሁ፤ ባለቤትህም ትወድሃለች። በቃ።»

ፓይለቱ ወደ አለቃው ዞረ። አለቃው ትከሻውን ሰበቀ። «እኔን ምን ታየኛለህ? እሷ ካለች አለቀ።»

ሰውየው ረጅም ትንፋሽ አወጣና ሳቀ። «ባለቤቴ እንኳን በየቀኑ አትወደኝም» ብሎ ቆቡን አነሳ፤ ሣጥኖቹን በሳምንታዊው አውሮፕላን ለማስጫን ስልክ ሊደውል ሄደ።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶብስ ውስጥ አማቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው አስቀመጡ። ከዚያ «ሰውየው ግዙፍ ነው» አሉ።

«ማን? ፓይለቱ?»

«አዎ። አልፈራሽውም?»

«ትንሽ ፈርቼዋለሁ።»

«እኔም አንድ ጊዜ ለአንዲት ባለጸጋ የሙሽራ እናት እምቢ ብያለሁ። ልብሱ ለሠርጉ ሳይደርስ ቢቀርም ለጥድፊያ ስል ስፌቱን አላላላም ብዬ። ጉልበቴ ግን ሲንቀጠቀጥ ነበር።» መስኮቱን አይተው ጨመሩ፦ «ያንቺ አልተንቀጠቀጠም። አይቼዋለሁ።»

ቀለሙ ደረቀ፤ የቤቱ ሽታ ጠፋ። ቀጭኗ ጠዋት ተነስታ ብቻዋን ልትወጣ ጫማዋን ስታስር አማቷ ሻርፓቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እማማ፣ ዛሬ እኮ ቤት መዋል ይችላሉ።»

«ያ የተከፈተ ሞተር እንዴት አደረ?»

«ሸፍኜዋለሁ።»

«በምን? በዚያ በቡትቶ? ቀዳዳውን አይቼዋለሁ፤ ድመት ያሾልካል። አቧራ ነው የጎዳው ብለሽ አቧራ ታለብሺዋለሽ?»

የድሮው ሸራ እውነትም ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አዳራሹ ሲደርሱ አለቃው ከዕቃ ቤት ጠንካራ ሸራ አወጣላቸው። አማቷ ሞተሩን እንደ ሙሽራ ለኩት፤ ወገቡን፣ ትከሻውን፣ ጀርባውን። ወንዶቹ ሜትሩን ሲያዩ ማሾፍ ጀመሩ። «እማማ፣ ዳንቴል አይረሳ!» አላቸው አንዱ።

«ላንተም እሰፋልሃለሁ፤ በሆድህ ልክ ሸራ ከተገኘ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልደፈራቸውም።

የስፌት መኪናቸውን ልጃቸው በአውቶብሱ የኋላ ወንበር ላይ ጭኖ አመጣላቸው። የሞተሩን የሸራ ልብስ ሰፉ፤ ጠርዙን እጥፍ አድርገው፣ ከሥሩ በገመድ የሚሰበሰብ፣ ለሞተሩ ልክክ ያለ። ቀጭኗ አልብሳው ዙሪያውን ዞረችና በእጇ ዳበሰችው። አንድም ቦታ ክፍተት የለውም። ከዚያ በኋላ የሌሎቹም ሞተሮች ወረፋ መጣ፤ የእያንዳንዱ ሠራተኛ የተቀደደ ኪስም ተከተለ።

አንድ ምሽት ሁለቱም ደክሟቸው ወደ ቤት ሲገቡ ጎረቤቷ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። የቀጭኗን እጅ አየች፤ ጥፍሮቿ ሥር ጥቁር አለ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ቀጭኗ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አማቷ ቀደሟት። «ሆስተስ ናት ብዬሽ አልነበር? ያልሆነውን ነው የቀባጠርኩት። ሞተር ነው የምትከፍተው። ተበታትኖ አይቼዋለሁ፤ አንጀቱ ይህን ያህላል» ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። «ሽቶውን እርሺው። ግን የስፌት መኪናሽ ወይም የሥጋ መፍጫሽ ከተበላሸ አምጪላት።»

ጎረቤቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ቀጭኗ መታጠቢያው ጋ ደርሳ ሳቋ አመለጣት፤ ሳሙናው ከእጇ ወደቀ። አማቷ ከበሩ ሆነው «ምን ያስቅሻል? ይልቅ ሎሚ ጨምሪበት፤ ጥፍር ውስጥ ያለውን ሎሚ ነው የሚያወጣው» አሏት።

አዲሱ ፓምፕ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ደረሰ። ቀጭኗ የሽፋኑን ገጽ እንደ መስታወት አጸዳችው፤ የዘይት መተላለፊያዎቹን ሁሉ አጠበች፤ አዲስ ጋስኬት አስቀመጠች። ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት ግን ከሞተሩ ጀርባ ያሉት ትልልቅ ጥርሳም ብረቶች ላይ የተቀረጹት ነጥቦች ፊት ለፊት መግጠማቸው መታየት አለበት፤ አንድ ጥርስ ቢዛነፍ የሞተሩ የአሠራር ቅደም ተከተል ይዛባል። ጥጉ ጨለማ ነው።

«እማማ፣ የእጅ ባትሪውን ይያዙልኝ» አለች።

አማቷ ባትሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው አበሩላት። እጃቸው ፍንክች አላለም። ቀጭኗ ነጥቦቹን አየች፤ አለቃውን ጠርታ አሳየችው፤ እሱም አየና ራሱን ነቀነቀ። ሽፋኑ ገባ። ብሎኖቹን ከካርቶኑ ላይ አንድ በአንድ የሚያቀብሏት አማቷ ነበሩ። የጥብቀቱን ልክ በሚያሳውቀው ቁልፍ ስታጠብቅ በየብሎኑ «ቀጭ» ባለ ቁጥር አማቷ ደግሞ «እሰይ» ይሉ ነበር።

ሞተሩ ወደ ቦታው ተመልሶ ሁሉ ነገር ሲገጣጠም መጀመሪያ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አውጥታ ሳይነሳ በባዶው አሽከረከረችው፤ ዘይቱ በየቱቦው እስኪደርስና መርፌው ነቅነቅ እስኪል። ከዚያ አውሮፕላኗን ደጅ አወጧት። ፓይለቱ ገብቶ አስነሳት። አንዴ አስነጠሰች፤ ጭስ ተፋች፤ ያዘች። ቀጭኗ ከጎኑ ተቀምጣ ዓይኗን ከመርፌው ላይ አልነቀለችም። መርፌው ተነሳ፤ አረንጓዴው መሃል ሄዶ ቁጭ አለ። ሲሞቅም እዚያው ነው። ፍጥነቱ ሲጨምርም እዚያው ነው። ሲወርዱ ከሥሯ ገብታ በባትሪ ፈተሸች፤ ጠብ ያለ ዘይት የለም። አንጀቷ ራሰ።

ፓይለቱ ብቻውን ተነስቶ በሰማዩ ላይ ሲዞር ቆይቶ ተመለሰ። እየሳቀ ወረደ። «መርፌው እንደተመታ ሚስማር ነው፤ አይንቀሳቀስም!» አለ። ከዚያ ወደ አማቷ ዞሮ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ሙከራው አልቋል፤ አንድ ዙር ላዙርዎ?»

«እኔ?» አሉ። ሰማዩን አዩ፤ ጉልበታቸውን አዩ። «ተወኝ ልጄ። እኔ ከምድር ሆኜ ማየት ነው የምወደው። ሣጥኖችህን ውሰድ፤ ሕመምተኛ ይጠብቅሃል።»

አዲስ የመጡት የመድኃኒት ሣጥኖች ተጫኑ። ትንሿ አውሮፕላን ከሜዳው ጫፍ ዞራ፣ አቧራዋን ከኋላዋ ጥላ ተነሳች። ቀጭኗና አማቷ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳቦ በሻይ በሉ። ቀጭኗ አውሮፕላኗ እስክትሰወር በዓይኗ ተከተለቻት፤ አማቷ ደግሞ ከዚያም አልፈው ባዶውን ሰማይ ሲያዩ ቆዩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የተሳፈሩት የባሏን አውቶብስ ነው። በመስታወቱ አያቸውና «እህ፣ ተነሳች?» አለ።

«ተነሳች!» አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፤ ከዚያም አንዷ ስለ ጋስኬቱ፣ አንዷ ስለ ጭሱ እየተሻሙ ያወሩለት ጀመር። እሱ ምኑንም ሳይለይ «እሺ፣ እሺ» እያለ መሪውን አዞረ።